የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪና የማያሳድደው ብስክሌተኛ

ጥያቄ፦ «የተከበሩ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 54 ዓመት ሲሆን የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ለሥራ ጉዳይ ወደ ፈረንሳይ ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ የተቀበሉኝ ሰዎች እሑድ ቀን ብስክሌት ተከራይተውልኝ ቦን ከምትባል ከተማ ተነሥተን በወይን ማሳዎች መካከል ግማሽ ቀን ስንዞር ዋልን። ብስክሌት ከነዳሁ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰው ስሆን፣ ከኋላዬ ጡሩንባ የሚነፋ መኪና ሳይኖር፣ መንገዱ ከፍ ዝቅ እያለ ድካም ሳይሰማኝ ይዞኝ ሄደ። ከተመለስሁ በኋላ ለራሴና ለባለቤቴ ሁለት ብስክሌት ገዛሁ። ይሁን እንጂ ከግቢዬ ወጥቼ አሮጌውን የናዝሬት መንገድ በያዝሁበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ገልባጭ መኪና ገፍቶ ከአስፋልቱ ጠርዝ አስወጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብስክሌቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው አቧራ ለብሰዋል፣ ልጆቼም ይስቁብኛል። እንዲህ ያለው ሽርሽር በአዲስ አበባ ዳርቻ ጨርሶ የማይታሰብ ነው? ወይስ እኔ የማላውቀው መንገድ አለ?» — የ. ተ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ መንገዱ አለ፤ ነገር ግን ከግቢዎ በር አይጀምርም። ወዴት እንደሚሄዱ ከመናገሬ በፊት ያ እሑድ ለምን እንደዚያ እንደጣመዎት ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከታወቀ እዚህም ምን መፈለግ እንዳለብን ይታወቃልና።

እርስዎ የሄዱበት መንገድ ከቦን እስከ ሳንትኔ 22 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው «የወይኖች መንገድ» ሳይሆን አይቀርም፤ ፖማርን፣ ቮልኔንና መርሶን የመሳሰሉ መንደሮችን እየነካ ያልፋል። ቦን በምትገኝበት በቡርጎኝ ምድር የወይን መሬት እጅግ ተቆራርሶ የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ተዳፋት ላይ ብዙ ባለቤቶች አሉ፣ እያንዳንዱም ወደየራሱ ማሳ የሚገባበት መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማሳዎቹ በጠባብ የእርሻ መንገዶች ተሸንሽነዋል፤ በእነዚህም ላይ የሚያገኙት፣ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አድርጎ የወይኑን ተክል በሆዱ ሥር የሚያሳልፍ ቁመተ ረጅም ትራክተር እንጂ መንገደኛ መኪና አይደለም። ወይኑ የሚተከለው ደግሞ ፊቱን በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ባዞረ ለስላሳ ተዳፋት ላይ በመሆኑ፣ መንገዱ ተዳፋቱን በአግድም ይዞ ይሄዳል እንጂ ወደ አናቱ አይወጣም። ድካም ያልተሰማዎት ለዚህ ነው፤ የጉልበቴ ብርታት ነው ብለው ለባለቤትዎ ነግረዋቸው ከሆነ ግን እኔ አላጋልጥዎትም።

ከወይን ሀገር መንገዶች ሁለተኛው ዓይነት የባቡር ውርስ ነው። በዚያው በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር መንገድ የቀድሞ የባቡር መስመር ሲሆን፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍቷል፤ በደቡብ አውስትራሊያ በክሌር ሸለቆ የሚገኘው የሪዝሊንግ መንገድም እንዲሁ በቀድሞ ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት ስለማይችል፣ የባቡር መሐንዲስ ጉብታውን ቆርጦ፣ ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ መሬቱን ያለዝበዋል፤ ለባቡር የለዘበ ዳገት ለእርስዎ ጉልበትም ይለዝባል።

እንግዲህ በእኛ በኩል የምንፈልገው መኪና የሚበዛበት ምክንያት የሌለውና ዳገቱ የለዘበ የእርሻ መንገድ ነው። እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ሰፈርዎ የዚህ ዓይነት መሬት በር ላይ ነው።

ቡርጎኝ በወይኑ እንደሚጠራ ሁሉ፣ ከዱከም ወዲያ እስከ ዝቋላ ግርጌ የተዘረጋው የአዳ ምድር በጤፉ ይጠራል፤ «የአዳ ማኛ ነው» ብሎ የማይምል የጤፍ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። መሬቱ በብዙ ገበሬዎች መካከል የተከፋፈለ ስለሆነ በየማሳው ድንበር ጋሪና አህያ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ሜዳ ይባል እንጂ ዝርግ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ማለትም ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱና ሌሎቹም፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች በመሆናቸው፣ በዙሪያቸው ያለው መሬት ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከአንዱ ጉብታ ላይ ሲደርሱ በደቡብ በኩል ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋው የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጤፉ ሲቢጫ፣ ነፋስ በላዩ ሲያልፍ እንደ ውኃ ሲላወስ፣ ከአጠገቡ ደግሞ በጥቁሩ መሬት ላይ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ፣ የወይን ማሳ የሚያስናፍቅ ነገር አይኖርም።

እንዴት ይሂዱ? ከቤትዎ ደጃፍ የሚጀምረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት የተከለከለ ነው፤ ማየቱንም ይተዉት። አሮጌውን መንገድ ደግሞ እርስዎ ራስዎ አይተውታል። ስለዚህ ብስክሌቶቹን በፒክ አፕ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው እስከ ቢሾፍቱ ይውሰዷቸው፤ ለሚኒባሱ የዕቃ ሒሳብ መክፈልዎ አይቀርም፣ ከነሙሉ ጤንነት ለመድረስ ግን ብዙ አይደለም። ብስክሌትን በመኪና መጫን የሚያሳፍር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በፈረንሳይም ቢሆን በእሑድ ጠዋት ብስክሌቱን በመኪናው ጀርባ አስሮ ወደ ማሳው ዳር የሚሄደው ሰው ጥቂት አይደለም።

ከቢሾፍቱ ከተማ ሲወጡ ወደ ዝቋላ አቅጣጫ ይያዙና ዋናውን መንገድ ብዙ ሳይከተሉ ግራና ቀኝ ወደ ማሳው የሚገቡትን የጋሪ መንገዶች ይምረጡ። ለመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በኮረኮንች ላይ ሳይቸኩሉ ሲነዱ ሁለት ሰዓት ቢወስድብዎ አይደንግጡ። የዝቋላ አቦ በዓል የሚከበርባቸውን ጥቅምት 5ንና መጋቢት 5ን ግን ይለፏቸው፤ በእነዚያ ቀናት ወደ ተራራው የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፣ የጫነው አውቶቡስና አይሱዙም እንዲሁ።

ወደ ቱሉ ዲምቱ በብስክሌት ልመለስ ብለው እንዳይነሡ እመክራለሁ። አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ያህል ሲሆን ቢሾፍቱ 1900 ሜትር ገደማ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ለሚያህለው ርቀት በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፣ ከቀትር በኋላ በፀሐይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

ይህን ቁጥር ስጽፍ ሁልጊዜ አሮጌው ባቡር ይታወሰኛል። ከጂቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ያ ሐዲድ፣ «ለገሃር» የሚለውን ስም እንኳ ከፈረንሳይኛ ትቶልን የሄደው፣ ከሞጆ በቢሾፍቱ፣ በዱከምና በአቃቂ አድርጎ ነበር ወደ ከተማው የሚገባው። ያ ሁሉ ከፍታ ለአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ በሚመች መጠን ለዝቦ የተሠራ ነው። ዛሬ የተስተካከለ የብስክሌት መንገድ አይደለም፤ ዢቭሪና ክሉኒ መካከል የሆነው በዱከምና በቢሾፍቱ መካከል የማይሆንበት ምክንያት ግን ለእኔ አይታየኝም። መንገድ የሚያቅዱ ሰዎች ይህን አምድ የሚያነቡ ከሆነ፣ የዳገቱ ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት ተጠናቆላቸዋል።

ስለ ወቅቱ ሳልናገር ባልፍ እወቀሳለሁ፣ እኔም በዚህ የተቀጣሁ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመስከረም ጠዋት፣ አደይ አበባው አታልሎኝ፣ ሌሊት ዝናብ መጣሉን እያወቅሁ ከቢሾፍቱ ወደ ማሳው ገባሁ። የዚያ አገር ጥቁር አፈር፣ እኛ መረሬ የምንለው ገበሬው ደግሞ ኮቲቻ የሚለው፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ሜትሮች ነዳሁ፤ ከዚያ ጭቃው ከጎማው ጋር እየዞረ፣ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ፣ ጭድና ጠጠር እየጨመረ ሄዶ ጎማው ጨርሶ መዞር እምቢ አለ። ወርጄ ብገፋው ይንሸራተታል እንጂ አይሽከረከርም። ተሸክሜው ለመሄድ ብሞክር ብስክሌቱ የራሱን ክብደት የሚያህል ጭቃ ይዟል፣ ጫማዬም እንዲሁ። ጎማውን በእንጨት ስፍቅ አንድ አዛውንት ከብት እየነዱ ሲያልፉ ቆመው ጥቂት ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ በከንቱ አትልፋ፤ ተቀመጥና ይድረቅልህ፤ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ በቁርጥራጭ እየተላጠ ረገፈ። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ በበልግም ቢሆን ሌሊት ከዘነበ ቀኑን ይዝለሉት። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ የፊት ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ስለሚከፍት፣ ዓይንዎን ከዝቋላ ላይ አንሥተው ወደ መሬቱ ያድርጉ።

ከሰዓት ሁሉ የሚሻለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋስ ይነሣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ላይ ጭድ የተጫኑ አህዮች ይበዛሉ፤ ጭዱ ግራና ቀኝ ተንዘርፍፎ መንገዱን ሞልቶት ይሄዳል፣ አህያዋም ከፊቷ ያለውን እንጂ ከጎኗ የሚመጣውን አታይም። ደወል ከመንካት ይልቅ ወርደው ዳር ይዘው ይቁሙ። ለባለቤቱም «አከም ቡልተን» ብለው የማለዳ ሰላምታ ቢሰጡ፣ የትኛው መንገድ ወንዝ ላይ እንደሚያልቅና የትኛው እንደሚያሻግር ያለ ካርታ ይነገርዎታል። ወደማያውቁት ቀበሌ ከመግባትዎ በፊትም የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጎማ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የተራራ ብስክሌት ለዚህ መንገድ ይበቃል፤ ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ግን አይሆንም። ለአስፋልት በሚነፋው ልክ አይንፉት፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት ገባ የሚል ጎማ ኮረኮንቹን ይውጥልዎታል። የዚያ አገር ጠላት ጠጠር አይደለም፣ እሾህ ነው፤ ማሳው መካከል የቆሙት ግራሮች አሉ፣ ገበሬውም አጥሩን በግራር ቅርንጫፍ ያጥራል። ጎማዎ ሲተነፍስ የውስጡን አውጥተው ከመለጠፍዎ በፊት፣ የውጪውን ጎማ የውስጥ ገጽ በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የእሾሁ ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል፣ ካላወጡት የለጠፉትን ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሶ ይበሳዋል። ጎሚስታ ከተማ ውስጥ እንጂ ማሳ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሙጫ፣ ልጣፊና መንፊያ ከእጅዎ አይለዩ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሱሉልታ ነው። ሁለት ልጆቼ 10 እና 13 ዓመታቸው ሲሆን ብስክሌት ይወዳሉ፤ እኔ ግን ከግቢ አላስወጣቸውም። ከእነርሱ ጋር አብሬ የምነዳበት ቦታ በእኛ በኩል አለ ወይ? የከፍታው ነገር ለልብ አይከብድም?» — ወ/ሮ ሰ.፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ለእርስዎ ቅርቡ እንጦጦ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ አለው። ከልጆች ጋር ለመጀመር ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር የሌለበት ቦታ በሰሜን በኩል አላውቅም። ይሁን እንጂ የእንጦጦ መሬት ከላይ እንደተጻፈው የአዳ መሬት የሚለዝብ አይደለም፤ በባሕር ዛፉ መካከል ያለው ቁልቁለት ልጅን ያስደስታል፣ እናትን ያስጨንቃል። ከመነሣትዎ በፊት የሁለቱንም ብስክሌቶች ፍሬን በእጅዎ ጨብጠው ይፈትሹ፤ እጀታው እስከ መሪው ድረስ የሚገባ ከሆነ ሽቦው ላልቷልና ሳይጠበቅ አይወጣም። በቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት የሚይዝ ልጅ በራሱ ላይ ይገለበጣል፤ ሁለቱንም በአንድነትና በልስላሴ እንዲይዙ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለማምዷቸው።

የሱሉልታ ሜዳ ራሱ ለዓይን ያማረ ነው፤ ለጎማ ግን ክረምት ውኃ የሚተኛበት መስክ በመሆኑ እስከ ኅዳር ድረስ አይታመንም። ዋናው የጎጃም መንገድ ደግሞ ለልጆች ጨርሶ አይሆንም፤ ማቋረጥ ካለብዎ ወርዳችሁ እየገፋችሁ ተሻገሩ።

ስለ ከፍታው፣ እዚያው የሚኖር ሰው ለምዶታል፤ ያም ሆኖ በ2500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየነዱ ከልጆችዎ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ማርሹን ቀላል ያድርጉ፣ ቀላል ካለቀብዎ ወርደው ይግፉ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንጦጦን አይውጡ።

ጥያቄ፦ «አዘጋጁ ስለ ወይን ሀገር ሲያነሡ የእኛን ወይን የረሱት ይመስላል። ዝዋይ የወይን እርሻ አለን አይደለም ወይ? እዚያ ሄዶ መንዳት አይቻልም? ደግሞስ በፈረንሳይ በየመንደሩ እየቀመሱ ነው የሚሄዱት ይባላል፤ እኛስ ጠጅ እየቀመስን ብንሄድ ምን አለ?» — አንድ የመጽሔቱ ደንበኛ፣ ከሰበታ

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የላኩት ጠያቂ በስልክ ስለ አምዱ ርእስ አስቀድመው ሰምተው ነበርና ወቀሳቸውን እቀበላለሁ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ1600 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለ የወይን እርሻ አለ፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የፈረንሳይ ዝርያዎች ይበቅሉበታል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ከቡርጎኝ የሚለየው ዋናው ነገር ባለቤቱ አንድ መሆኑ ነው። ብዙ ባለማሳዎች ባሉበት መንገዱ የሁሉም ይሆናል፤ አንድ ባለቤት ባለበት መንገዱ በአጥሩ ውስጥ ነው፣ ያለ ፈቃድም አይገባበትም። ፈቃድ ካገኙ ይሂዱ፤ ብስክሌት ይዞ ያን ያህል ርቀት ለመጓዝ ግን እኔ ሐይቁን እንጂ ወይኑን ምክንያት አላደርግም።

ስለ ጠጁ፣ በፈረንሳይ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ብስክሌተኛንም እንደ መኪና ነጂ ይመለከታል፤ ጠንቃቃው ጎብኚ ደግሞ ቀምሶ ይተፋል እንጂ አይጠጣም። አንድ ብርሌ ጠጅ የጠጣ ሰው በጋሪ መንገድ ላይ ከእሾህ አጥር ጋር የሚኖረውን ጉዳይ ላስታውስዎ አያስፈልግም። ከመንገድዎ ላይ ጥሩ ጠጅ ቤት ካገኙ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀዱ፣ ክዳኑን ግን እስከ መጨረሻው አያጥብቁት፤ ጠጅ በፀሐይና በኮረኮንች ይቦካል፣ ታፍኖ ከሄደ ጀርባዎ ላይ ይፈነዳል። ቀጥ አድርገው በጋቢ ጠቅልለው ከኮርቻው ኋላ ቢያስሩት፣ ቤትዎ እስኪገቡ ድረስ በደኅና ይደርሳል።